ከማራገቢያው ስር ያለው ወንበር

ባሌን ይቅር ብዬው አላውቅም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ልገላገል። አብረን በልተን፣ አብረን ተሰድደን፣ ልጅ ወልደን እንኳ ይቅር አላልኩትም። ጉዳዩ ደግሞ ሌላ ሴት አይደለም፣ መጠጥም አይደለም። የፊልም ጉዳይ ነው። የሚስቅ ይሳቅ።

ጦርነቱ ሳይመጣ ካርቱም ነበርን። አርካዊት የሚባል ሰፈር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖራለን። እሱ ቀለም ቀቢ ነው፤ ሥራ ሲያገኝ ኦምዱርማን ድረስ ይሄዳል። እኔ ካርቱም ሁለት በሚሉት ሰፈር አንዲት ማዳም ቤት እሠራለሁ። ሥራዬ በአብዛኛው ልብስ መተኮስ ነበር። የማዳም ባልና አራት ወንዶች ልጆቿ ሁሉም ነጭ ጀለቢያ ለባሾች ናቸው። ጀለቢያ ተኩሶ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ወላሂ አያልቅም።

ፊልም ያስለመደኝም ይኸው ካውያ ነው። ሱቅ ዐረቢ ገበያ ስልክ የሚጠግን የአገራችን ሰው አዳዲሶቹን የአማርኛ ፊልሞች ሚሞሪ ላይ ይጭንልኛል። ስልኩን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ኢርፎኑን በቀኝ ጆሮዬ ብቻ እሰካለሁ። ግራ ጆሮዬ የማዳም ነው፤ «ያ ቢት!»፣ አንቺ ልጅ፣ ብላ ስትጣራ መስማት አለብኝ። ዓይኔ ደግሞ የካውያው ነው፤ ለአንድ አፍታ ዞር ካልኩ ጀለቢያው ያርራል። እንግዲህ እኔ ፊልም የማየው በጆሮዬ ነበር ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ ስሰማ ከርሜ የወደድኩትን ጁምዓ ዕለት በዓይኔ አየዋለሁ።

በጆሮ ሲሰማ ደግሞ የሚደበቅ ነገር የለም። ቆንጆ ፊት፣ ውድ ቀሚስ፣ ትልቅ ቪላ አያታልለኝም። ተዋናዩ የሚናገረውን አምኖበት ይሁን ሸምድዶት በሁለት ዓረፍተ ነገር እለየዋለሁ። በተለይ ለቅሶ። አንዷ «እኅህ! እኅህ!» ትላለች፣ አፍንጫዋ ግን ክፍት ነው። አፍንጫው ያልተዘጋ ሰው አላለቀሰም። ይህን ያወቅሁት ከፊልም አይደለም። የእናቴን መርዶ የሰማሁት እዚያው ካውያ ቤት ውስጥ፣ በዚያው ኢርፎን ነው። ወንድሜ ደወለ፤ ነገረኝ። ማዳም እንዳትሰማኝ አፌን በጀለቢያ አፈንኩት። ድምፅ የለም፣ እንባም ገና ነው፣ አፍንጫዬ ግን ጥርቅም ብሎ ተዘጋ፤ በኢርፎኑ የራሴን ትንፋሽ ስሰማው የሌላ ሰው መሰለኝ። ይህን በዓለም ላይ የነገርኩት ለአንድ ሰው ነው። ለባሌ።

ደብተር ነበረን። ግራው ገጽ የሱ፣ ቀኙ የኔ። በየዓመቱ ያየናቸውን ፊልሞች አንደኛ፣ ሁለተኛ ብለን እንደረድራለን፤ አዲስ አበባ የፊልም ሽልማት ሊሰጥ ሲል ደግሞ ማን እንደሚያሸንፍ እንገምታለን። እንገምታለን እላለሁ እንጂ ግራው ገጽ ባዶ ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር አልጻፈበትም። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል። ይተኛል እንጂ!

ግምቱ የቤት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ እሰየው። አርካዊት ውስጥ አንዲት የወሎ ሴት ምግብ ቤት አላት፤ ሁላችንም ኻላ እንላታለን፣ አክስቴ እንደማለት ነው። ከጁምዓ ሶላት በኋላ አበሻው እዚያ ይሰበሰባል። ከሽልማቱ በፊት ባለው ጁምዓ እያንዳንዱ ቤት ግምቱን በወረቀት ጽፎ የወተት ዱቄት ጣሳ ውስጥ ይከታል። ኻላ አንድ በአንድ ታወጣለች፤ የወጣለት ሰው ቆሞ ምክንያቱን ያስረዳል። በሚቀጥለው ጁምዓ ብዙ ግምት የሰመረለት ሰው ዓመቱን ሙሉ የማራገቢያዋን ወንበር ይወስዳል። ቤቱ ውስጥ ያለችው የጣራ ማራገቢያ አንዲት ናት፤ ከስሯ ደግሞ አንድ ወንበር። የካርቱምን ሙቀት ያላየ ይህ ምን ሽልማት ነው ይል ይሆናል። ያየው ግን በሬ አሳርደው ቢሰጡት አይለውጠውም።

ደንቡ ላይ ነው የተበደልኩት። አንድ ቤት፣ አንድ ወረቀት። ላጤዎቹ «ባልና ሚስት ሁለት ወረቀት ካስገቡ ለኛ ምን ይተርፈናል?» ብለው ተጨቃጨቁና ኻላ በዚያ ደነገገች። ወረቀቱ በአባወራው ስም ይገባል፣ አባወራው ቆሞ ይናገራል። እኔ ከኋላ፣ ወጥ ቤቱ በር ላይ፣ የምድጃው ወላፈን ጀርባዬን እየጠበሰው እቀመጣለሁ።

የመጀመሪያውን ዓመት ገጼን ወረቀቱ ላይ ገልብጦ ሄደ፣ አሸነፈ። ደስ አለኝ። የቤታችን ነው አልኩ። ሁለተኛውንም አሸነፈ፤ «ይሄ ሰውዬ ፊልም ውስጥ ነው እንዴ የተወለደው?» ይሉት ጀመር። አሁንም የቤታችን ነው አልኩ። በሦስተኛው ዓመት ስሙ ወጣ፤ ተነሳ፤ ደረቱን ነፍቶ «ለምን ይህችን ተዋናይት መረጥኩ? ሌሎቹ ሲያለቅሱ አፍንጫቸው ክፍት ነው። አፍንጫ ያልተዘጋበት ለቅሶ ለቅሶ አይደለም» አለ።

ቤቱ በጭብጨባ ተናወጠ። አንዱ ራክሻ የሚሉትን ባጃጅ የሚነዳ ሰው «አንተ፣ ይህን ደግሞ ከየት አመጣኸው?» ብሎ ጠየቀው። ቀና ብዬ ጠበቅሁ። አሁን «ሚስቴ ናት» ይላል ብዬ። ዓይኑን በጨው አጥቦ ምን አለ?

«ሰው እታዘባለሁ።»

ሰው እታዘባለሁ! የእናቴን መርዶ አውጥቶ ሜዳ ላይ ጣለልኝና ሰው እታዘባለሁ!

ቤት ስንገባ «ለምንድን ነው የኔ ነው ያልከው?» አልኩት። ጫማውን እያወለቀ «ውይ፣ አንቺ ደግሞ! እኔና አንቺ አንድ አይደለን እንዴ?» አለኝ። አንድ ከሆንን የኔ ግማሽ ለምን ወጥ ቤቱ በር ላይ ይጠበሳል? ያን ዓመትም ወንበሩን ወሰደ። ጥርሴን ነክሼ ቂሜን ቋጠርኩ። ዓመቱን ሙሉ ጁምዓ በመጣ ቁጥር ማራገቢያዋ ሸሚዙን ስታርገበግብለት እያየሁ ጠበቅሁት። አንድ ነገር ብቻ ነበር የምፈልገው፦ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት «የሷ ነው» ብሎ እንዲናገር።

አላህ አይጥልም፣ በዓመቱ አንድ ፊልም መጣ። ከገጠር መጥታ ሆቴል ቤት ሳህን የምታጥብ ልጅ ታሪክ ነው። እየተኮስኩ ሰማሁት። ሁሉም ይናገራል፣ ልጅቷ ብቻ አትናገርም። የሳህን ኳኳታ፣ የውሃ ድምፅ፣ ትንፋሽ። ኢርፎኑ የተበላሸ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ነቅዬ ሰካሁት። በኋላ ነው ዲዳ መሆኗ የገባኝ። መጨረሻው ላይ እናቷ ጥላት ስትሄድ ልጅቷ ታለቅሳለች፤ ቃል የለም፣ ጩኸት የለም፣ አፍንጫዋ ብቻ ጥርቅም አለ። ካውያውን አስቀምጬ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ ከሰማኋቸው ፊልሞች ሁሉ አንደኛ አደረግሁት።

ጁምዓ ዕለት ኻላ ዘንድ ሁላችንም አየነው። ባሌ አልነበረም፤ ኦምዱርማን አንድ ፎቅ ሊቀባ ይዞ ሁለት ጁምዓ ሳይመጣ ቀርቷል። ፊልሙን ያላየ እሱ ብቻ ነው። ያን ጊዜ ነው ነገሩ ብልጭ ያለልኝ።

ቤት ገብቼ ደብተሩን አወጣሁ። አልዋሽም፤ ያቺን የመሰለች ልጅ ለወጥመድ ማዋሌ ቆጨኝ። ግን ጻፍኩት። «ምርጥ ተዋናይት፦ ሳህን አጣቢዋ። ምክንያት፦ ድምጿ። መጨረሻ ላይ ‹እማዬ አትሂጂ› ብላ ስትለምን የሚሰነጠቀው ድምጿ።» እንግዲህ አንድ ቀን እንኳ «ይህ ፊልም እንዴት ነው?» ብሎ ቢጠይቀኝ፣ ወይም አንዴ ቁጭ ብሎ ቢያየው፣ ይድናል። በሩን ክፍት ትቼለታለሁ። አልጠየቀም። ጠዋት ገጼን ገልብጦ፣ ምክንያቱንም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ሸምድዶ፣ «ያላ፣ እንሂድ» አለኝ።

የሱ ወረቀት አራተኛ ወጣ። ከወንበሩ ተነሳ፤ ሸሚዙ በነፋሱ እየተርገበገበ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ዘንድሮ ምርጥ ተዋናይት ሳህን አጣቢዋ ናት። ለምን? ድምጿ!»

ቤቱ ጸጥ አለ። እሱ በአድናቆት መሰለው። ራክሻ ነጂው ቀስ ብሎ «የማን ድምፅ?» አለ።

«የሷ ነዋ! እናቷን ስትለምን አልሰማችሁም?» አለና፣ ወላሂ ይህን እኔም አልጠበቅሁም፣ እጁን ዘርግቶ፣ ድምፁን ሰንጥቆ «እማዬ... እማዬ አትሂጂ...» እያለ ይለምን ጀመር።

ሳቁ ቤቱን ሊያፈርሰው ደረሰ። አንዱ ሻዩን ተፋ። አንዱ ጠረጴዛ ይደበድባል። ኻላ ዓይኗን በሻርፗ እየጠረገች «ዲዳ ናት እኮ! ልጅቷ ዲዳ ናት፣ አንተ ሰውዬ!» አለችው። ያ ፊት ከግራ ወደ ቀኝ ሲንከራተት አየሁት። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ዓመት ሙሉ ያረረው አንጀቴ።

ከዚያ ዓይኑ እኔን አገኘኝ። ጣቱን ቀስሮ ወደ ወጥ ቤቱ በር፣ «እሷ ናት! እሷ ናት የጻፈችው፣ እኔ ያነበብኩት ብቻ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ምነው? አንድ አይደለን እንዴ?» አልኩት፣ ከተቀመጥኩበት ሳልነሳ።

እንደገና ሳቁ። ኻላ ግን አልሳቀችም። ጣሳውን አስቀመጠችና «ቆይ እስቲ። የዘንድሮውን ነው የጻፈችው ወይስ የአምናውንም?» አለች።

የሸሚዙን ቁልፍ ነካካ።

«የካቻምናውንስ?»

ወለሉን ያያል።

«የአፍንጫውን ነገርስ?»

እኔ መለስኩ። «እናቴ ስትሞት ነው ያወቅሁት፣ ኻላ። ለሱ ብቻ ነበር የነገርኩት።»

ሳቁ ሁሉ ቀጥ አለ። ኻላ ሁለታችንንም አየችን፤ ከዚያ «አንተ፣ ከወንበሩ ዞር በል። አንቺ፣ ነይ ተቀመጪ። ወረቀትም ውሰጂና የራስሽን ጻፊ» አለች። በሰው ሁሉ መሐል አልፌ ሄጄ ተቀመጥኩ። እሱ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ወረቀቱ ላይ እውነተኛውን ጻፍኩ፦ ሳህን አጣቢዋ። ምክንያት፦ አፍንጫዋ። ነፋሱ አንገቴ ላይ ሲያርፍ ሌላ አገር የገባሁ መሰለኝ። ሁለት ደቂቃ አልሞላም፣ «ከህረባ ሄደ!» አሉ፤ መብራት ጠፋ። ማራገቢያዋ ዞር ዞር ብላ ቆመች። ላቤ ተንቆረቆረ። እስከ አስር ሰዓት ድረስ ከዚያ ወንበር አልተነሳሁም።

ሽልማቱ ሲሰጥ ያቺ ልጅ አላሸነፈችም። አንዷ አፍንጫ ክፍት ወሰደችው። በራሴ ስም የገባችው የመጀመሪያ ወረቀቴ ወደቀች፤ ወንበሩም በሚቀጥለው ጁምዓ ለራክሻ ነጂው ሆነ። ባሌ ደስታውን መደበቅ አልቻለም። «አየሽ? አንቺም ትሳሳቻለሽ» አለኝ። ግምት የሌላውን ሰው ልብ መገመት ነው፤ ደረጃው ግን የራሴ ነው፣ በኔ ደብተር ላይ አንደኛ ናት አልኩት። አልገባውም። ምግብ ቤቱ ውስጥ «እማዬ አትሂጂ» የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለት ስለነበር ብዙም አልተናደድኩበት።

ከወር በኋላ ይሆናል፣ አንድ ሌላ ፊልም ልጽፍ ደብተሩን ስከፍት ግራው ገጽ ላይ ጽሑፍ አየሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ የመጀመሪያው መስመሩ። «1ኛ፦ ሳህን አጣቢዋ። ምክንያት፦ አፍንጫዋ፣ ሚስቴ እንዳለችው።»

ሚስቴ እንዳለችው። ዓመት ሙሉ የጠበቅሁትን ቃል እዚያ ጻፈው፤ ከኔ በቀር ማንም በማይከፍተው ደብተር ላይ። ለረጅም ጊዜ ቆሜ አየሁት። ለትንሽ ልቤ ሊራራ ዳዳው። ከዚያ ስልኬን አንስቼ ሚሞሪውን አየሁ፤ ፊልሙ የቆመው እኔ ካቆምኩበት ላይ ነው።

እሱ ፊልሙን እስከ ዛሬም አላየውም።