ከአሮጊቷ ተዋናይት ጋር የታሰርኩበት ቀን

ሚኒሶታ፣ ሴንት ፖል ከተማ፣ ዩኒቨርሲቲ አቬኑ የሚባለው ጎዳና ላይ የባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ስንቀመጥ አርባ ያህል ነበርን። ከአገር ሊባረር የታሰረ ጎረቤታችን ይፈታ ነው ጥያቄያችን። ፖሊሱ ክንዴን ይዞ ሲያስነሳኝ ስለ ፖለቲካ አላሰብኩም። ልጄን ከትምህርት ቤት ማን ይቀበላታል ነበር ያልኩት። የጥገኝነት ማመልከቻዬም ገና መልስ አላገኘም።

እስር ቤት ስንደርስ ሂጃቤን እንዳወልቅ ታዘዝኩ። ደሴ ተወልጄ ካደግኩበት ጊዜ ጀምሮ ባዕድ ወንድ ፊት ፀጉሬን ገልጬ አላውቅም። ሁለት እጄን አናቴ ላይ ጭኜ ገባሁ። ክፍሉ የሲሚንቶ አግዳሚና ክዳን የሌለው የብረት ሽንት ቤት መቀመጫ አለው፤ በረኪና በረኪና ይሸታል። አግዳሚው ላይ ዘጠና ዓመት የሚጠጋቸው ነጭ አሮጊት ተቀምጠዋል። ሰልፉ ላይ ታጣፊ ወንበር ይዘው የመጡት፣ ከነወንበራቸው የተነሱት እሳቸው ናቸው። ሹራባቸውን አውልቀው ሰጡኝ። ራሴን ሸፈንኩበት።

«ይበርድዎታል» አልኳቸው።

«የሚኒሶታ ልጅ ነኝ» አሉ። የክንዳቸው ፀጉር ግን ቆሞ ነበር።

ሥራዬን ጠየቁኝ። ክሪስታል በምትባል ከተማ አረጋውያን እንደምንከባከብ ነገርኳቸው። የእሳቸውን ስጠይቅ፣ «ተዋናይ ነበርኩ» አሉ። በወጣትነታቸው ኒውዮርክ መድረክ ላይ ተጫውተዋል፤ ሁለት ፊልም ሠርተዋል። በሦስተኛው ዋናዋን ሴት ሆነው ሊጫወቱ ልብሱ ሁሉ ተለክቶላቸው ነበር። ጊዜው ኮሚኒስት ነው የተባለ ሁሉ የሚታደንበት ነው። አንድ ቀን የመንግሥት ሰዎች ጠርተዋቸው፣ ቤትሽ የሚሰበሰቡትን ጓደኞችሽን ስም ጻፊ አሏቸው።

«ጻፉላቸው?»

«የራሴን ጻፍኩ። በትልቁ፣ አሳምሬ።»

ፊልሙ ለሌላ ሴት ተሰጠ። ስልካቸው መጮኹን አቆመ። ሴንት ፖል ተመልሰው ሠላሳ ዓመት ትምህርት ቤት ቴአትር አስተማሩ።

«አልቆጨዎትም?»

«እንዴት አይቆጨኝ! ያቺ ሴት ስትጫወት አይቼ አልቅሻለሁ። ደግሞ ጎበዝ እንኳ አልነበረችም።»

ሁለታችንም ሳቅን። ጠባቂዋ በመስኮቱ ብቅ ብላ አየችን።

ከቀትር በኋላ ተጠራሁ። መርማሪው ጨዋ ሰው ነው፤ ውሃ ሰጠኝ። ሰልፉን እነማን እንዳዘጋጁት ብነግረው ዛሬውኑ ልጄ ጋ እንደምሄድ ነገረኝ። የሦስት ሴቶች ስም ምላሴ ላይ ነበር። ስሜን ከነአባቴ ስም ነገርኩት።

«ሌላስ?»

«እኔ ያለኝ ይኸው ነው።»

ስመለስ አሮጊቷ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ።

እዚያው አደርኩ። ልጄን ሌላ ጎረቤቴ ወስዳት ነበር። ክሱ ኋላ ተነሳ፤ የጥገኝነቱ መልስ ግን ሁለት ዓመት ዘገየ። በዚያ ምክንያት ይሁን በሌላ እስካሁን አላውቅም።

ተዋናይቷ ባለፈው ዊንተር፣ በበረዶው ወራት አረፉ። ቀብራቸው ላይ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ቆመው፣ «አባቴ እስኪያረጅ ድረስ መድረክ ላይ የሠራው በእሳቸው ዝምታ ነው» አሉኝ።

ከሦስቱ ሴቶች አንዷን ወደ ሥራ ስሄድ ባቡር ውስጥ አገኛታለሁ። ስለ ልጆቻችን እናወራለን፤ ስለ ብርዱ እናማርራለን። መርማሪው ምን እንደጠየቀኝ ነግሬያት አላውቅም። ፌርማታዋ ሲደርስ «ደህና ዋይ» ትለኛለች፤ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ትወርዳለች።