የቀይ ስሩ ቋሊማ

በቋሊማ ፋብሪካው ውስጥ ሁሉም «ሚዛን» ነው የሚላት። እናትና አባቷ ያወጡላትን ስም ከበር ዘበኛው በቀር የሚያስታውስ የለም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራዋ አንድ ነው፤ ከቅመማ ክፍሉ ጥግ በተሸጎጠች ጠባብ ክፍል ተቀምጣ ሮዝማ ጨው እየመዘነች ወደ መፍጫው መላክ።

ጨዉ የወጥ ቤት ጨው አይደለም። ናይትራይት የሚባል ነገር አለበት፤ ሮዝ ቀለም የተነከረውም ሰው ተሳስቶ ምግቡ ላይ እንዳይነሰንሰው ነው። ስጋው እንዳይበላሽና መርዘኛ ተዋሲያን እንዳያፈራ ይጠብቀዋል፤ ሲበስልም አመድ መምሰል የሚገባውን ስጋ እንደ ሕፃን ጉንጭ ያቀላዋል። ካነሰ ስጋው ይበላሻል፣ ከበዛ በላተኛው። ስለዚህ ሚዛን ስትመዝን ሥራ አስኪያጁ እንኳ ትንፍሽ አይልም።

እሷ ራሷ ግን ከፋብሪካው ቋሊማ አትቀምስም። አንድ ጊዜ ለሥልጠና የመጣች የጤና ባለሙያ የተናገረችው ከጆሮዋ አልወጣም። ይህ ጨው የገባበት ስጋ በኃይለኛ እሳት ሲጠበስም ሆነ ሆድ ውስጥ ሲገባ አንጀት የሚጎዳ ነገር ሊፈጥር ይችላል። አልፎ አልፎ ለሚበላው ስጋቱ ትንሽ ነው፤ በየቀኑ የሚበላ ሰው ግን በአንጀት ካንሰር የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። ሚዛን ይህን ስትሰማ ዓይኗ ላይ ድቅን ያለው ባሏ ነበር።

ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ጠዋት ቋሊማ በእንቁላል፣ ቀን ቋሊማ በዳቦ፣ ማታ ደግሞ ቋሊማ በቋሊማ።

«አንተ ሰው፣ ይሄ ነገር በየቀኑ አይበላም» ትለዋለች።

«አንቺ አይደለሽ የምትመዝኚው? የሚስቴን እጅ ካላመንኩ የማንን ልመን?»

«እኔ የመዘንኩት ለመፍጫው ነው እንጂ ለሆድህ አይደለም!»

«አያቴ ስጋ እየበላ ዘጠና ዓመት ኖሯል።»

«አያትህ ቋሊማ የሚባል ነገር በስሙም አያውቀው!»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ሃምሳውን ካለፈ ጀምሮ «አንጀትህን ታይ» ብትለው ጆሮ ዳባ ልበስ ብሏል። በመጨረሻ ሚዛን ክርክሩን ተወችና ወደ ተንኮሉ ገባች።

አንድ ቅዳሜ እሱ ሥራ ላይ እያለ ቦሎቄ ቀቅላ አደቀቀች። አጃ፣ ነጭ ሽንኩርትና ቁንዶ በርበሬ ጨመረች። ለቀለሙ ቀይ ስር ፈጭታ ጨመቀችበት። ከስጋ ቤት የገዛችውን የበግ አንጀት አጥባ መሙላት ጀመረች። የመጀመሪያው ፈነዳ፤ ሁለተኛውም ፈነዳ፤ ወጥ ቤቱ ሰው የታረደበት መሰለ። ሦስተኛው ግን ልክ እንደ ፋብሪካው፣ ድቡልቡልና ቀላ ያለ ሆኖ ወጣ። በቁም ሳጥን ባስቀመጠችው የፋብሪካው መጠቅለያ ጠቅልላ ማቀዝቀዣ ውስጥ ከተተችው። ስጋ ነክ የሆነው ልባሱ አንጀት ብቻ ነው።

ማታ ባልየው አንዱን ጎርሶ ዓይኑን ጨፈነ።

«አንጀት አርስ!» አለ። «ፋብሪካችሁ ገና ዛሬ ሙያ ገባው።»

ሚዛን ሳቋን ለመደበቅ የውሃ ብርጭቆዋ ውስጥ ገባች። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት ይባላል፤ የእሷ ዶሮ ግን መጫኛውን ራሱ «ጨምሪልኝ» አለ።

አሥር ቀን እንዲህ አለፈ። በአሥራ አንደኛው ቀን አዲስ ስትሠራ ቀለሙ ፈዘዝ ቢልባት ቀይ ስሩን እጥፍ አደረገችው። በማግስቱ ጠዋት ባልየው ከመጸዳጃ ቤት ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አለቀልኝ» አለ ግድግዳውን ተደግፎ። «ደም ነው። ቀይ ደም!»

ሚዛን ነገሩ ወዲያው ገባት። ሳቁ ጉሮሮዋ ድረስ መጣ፤ እውነቱም ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ነገር ግን ባሏን አየችው። ስንት ዓመት ለምናው እንቢ ያለው ሰውዬ በገዛ እጁ ጫማውን እያጠለቀ ነው። ምላሷን ነክሳ «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ሐኪም ቤት!» አለችው።

በታክሲ ሄዱ። በሥራ ዘመኑ ቀይ መብራት ጥሶ የማያውቀው ሰው ባለታክሲውን «እለፈው ወንድሜ፣ ማንም የለም!» እያለ ሲወተውት ደረሱ።

ዶክተሯ ወጣት ናት። ጠየቀችው፣ ሆዱን ዳሰሰችው፣ ከዚያም «አባቴ፣ ሰሞኑን ቀይ ስር በልተዋል?» አለችው።

«እኔ? ቅጠላቅጠልና ስራስር እቤቴ አይገባም። ስጋ በል ነኝ።»

ዶክተሯ ሚስትየዋን አየቻት። ሚስትየዋ የጣሪያውን አምፖል አየች። እሱ ለምርመራ ናሙና ሊሰጥ ሲወጣ ሚዛን ሁሉንም ዘረገፈችው። ዶክተሯ «ይህን የሚነግሩት እርስዎ ነዎት እናቴ፤ እኔ አልገባበትም» አለች። «እሳቸው ግን አንጀታቸውን ታይተው ያውቃሉ?»

«በጭራሽ።»

ሲመለስም ዶክተሯ እንቅጩን ነገረችው፤ የዛሬው ቀለም ከምግብ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በእሱ ዕድሜና በእሱ አበላል ግን ምርመራው ለነገ አይባልም። እሱም ደንግጦ ስለነበር በጄ አለ።

በሳምንቱ አንጀቱ በመሣሪያ ሲታይ ሁለት ትንንሽ እባጮች ተገኙ፤ እዚያው ተቆርጠው ወጡ። ካንሰር አልነበሩም። ቢቆዩ ግን ወደዚያው ሊያመሩ ይችሉ ነበር።

«ከቋሊማው ነው እንዴ?» አለ ባልየው።

«ከምን እንደመጡ በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም» አለች ዶክተሯ። «ቋሊማው ግን ይቀነስ።»

ኮሪደሩ ላይ ሚዛን እጁን ያዘችና ተናዘዘች።

«አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ቦሎቄ አበላሽኝ?»

«አሥራ አንድ ቀን። ሁለቴ ደግሞ ሳህኑን በዳቦ ጠርገሃል።»

ሦስት ቀን አኮረፋት። ሻይ ሲያምረው እንኳ ለግድግዳው ነው የሚናገረው፤ «እዚህ ቤት ሻይ የሚባል ነገር አለ ወይ?» ሚዛንም ለግድግዳው «አለ» ትልና ትቀዳለታለች። ሳቋ ሲያመልጣት ወደ ወጥ ቤት ትሮጣለች፤ በሩ ሲዘጋ ግን አንዳንዴ ሳቁ ይቆማል። እነዚያ እባጮች ሁለት ዓመት ቢቆዩስ ኖሮ?

በአራተኛው ቀን ከሥራ ሲገባ ኩርፊያው ለቆታል።

«ለሹፌሮቹ ነገርኳቸው» አለ።

«ምን ብለህ?»

«ምን እላለሁ፣ እውነቱን ነዋ። አንዱ ሳቀና ሳቀና ሻዩን አፈሰሰ። ሌላው ግን ‹የት ነው የተመረመርከው?› ብሎ ለብቻዬ ወሰደኝ።» ጫማውን እያወለቀ «ደግሞ ከዚያ ነገር ካለሽ ስጪኝ፤ እርቦኛል» አለ።

«ከየትኛው ነገር?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ስሙን አታስጠሪኝ!»

አሁን የፋብሪካውን ቋሊማ የሚበላው በወር አንዴ፣ በመጨረሻው እሁድ ነው፤ ድርድሩ ሁለት ቀን ፈጅቷል። ያን ዕለት ጀርባውን ሰጥቷት፣ ማንም እንዳይነጥቀው የሰጋ ይመስል ሳህኑን በክንዱ ከልሎ ይበላል። እሷም አትናገረውም።