ሁለቱም ጆሮ ይታይ

በደርግ ጊዜ ቀበና አካባቢ ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ሥራዬ ጉርድ ፎቶ ብቻ ነበር፤ ለቀበሌ መታወቂያ፣ ለትምህርት ቤት፣ ለማኅበር ደብተር። ቀኑን ሙሉ ከአፌ የማትወጣ አንዲት ነገር ነበረች፦ «ሁለቱም ጆሮ ይታይ።» እውነቱን ለመናገር አንገሽግሾኝ ነበር። መንገድ ላይ እንኳ ሰላም የሚለኝን ሰው ፊቱን ትቼ ጆሮውን ነበር የማየው።

ስለዚህ ሲግናል ሰፈር ያለ አንድ የልብስ ፋብሪካ ወደ ውጭ ለሚልከው ቀሚስ ፎቶ አንሺ እንደሚፈልግ ስሰማ፣ ሰው ሳይቀድመኝ ሮጥኩ። ሥራ አስኪያጁ አሥራ ሁለት ፎቶ የምታነሳ አንዲት የከለር ፊልም መሳቢያው ውስጥ ቆልፎባት ኖሯል። አውጥቶ ሰጠኝና፣ «ሌላ የለም። ካማረ ቋሚ ፎቶ አንሺያችን ትሆናለህ፤ ካላማረ ወደ ጉርድህ ትመለሳለህ» አለኝ።

ስቱዲዮ የተባለው የጨርቅ መጋዘኑ ነው። ጥቅሎቹን ወደ ግድግዳው ገፋን፣ በስተጀርባ ነጭ አቡጀዲ ዘረጋን፣ ለብርሃን ብለን ትልቁን የብረት በር ከፈትን። ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድም አብሮ ሰተት ብሎ ገባ። ሞዴል ተብለው የመጡት ከስፌት ክፍል የተመረጡ ሦስት ሴቶች ናቸው፤ ስስ የበጋ ቀሚስ ለብሰው እየተንቀጠቀጡ ይሳሳቃሉ።

ካሜራዬ ኋላ እንደቆምኩ፣ «ሁለቱም ጆሮ ይታይ» አልኩ። ማለቴንም አላወቅኩም። እነሱም የለመዱት ነውና ፀጉራቸውን ወደ ኋላ አድርገው፣ እጃቸውን ግራና ቀኝ ለጥፈው ቀጥ አሉ። አነሳሁ። ደግሜ አነሳሁ። አሥረኛውን እንዳነሳሁ በዕድሜ ትልቋ፣

«ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝና፣ ቀሚሱን ነው የምታነሳው ወይስ መታወቂያ ልታወጣልን ነው?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። ልቆጣት ስል ነገሩ ገባኝ። አሥሩንም ለቀበሌ ነበር ያነሳሁት። የቀሩኝ ሁለት ናቸው። «ትንሽ እረፉ» ብዬ አንድ ጥቅል ጨርቅ ላይ ተቀመጥኩ፤ ያረፍኩት ግን እኔ ነኝ።

እነሱ እርስ በርሳቸው መፈታተሽ ያዙ። ለካ በፋብሪካው አሠራር ትልቋ እጅጌ ብቻ፣ ሁለተኛዋ የታች ጠርዝ ብቻ፣ ዝምተኛዋ ትንሿ ደግሞ ኮሌታ ብቻ ነው የሚሰፉት። የሚገጣጠመው ሌላ ክፍል ነው። ለዓመታት የደከሙበትን ልብስ ሙሉውን ሰው ላይ ሲያዩት የመጀመሪያቸው ነበር።

«ይቺ እጅጌ የኔ ናት» አለች ትልቋ፣ የባለጠርዟን ክንድ ይዛ።

«እስቲ ዙሪ» አለቻት ትንሿ።

ዞረች። ቀሚሱ ተነፋ፣ ሦስቱም በሳቅ ፈነዱ፣ ፀጉራቸው ፊታቸው ላይ ተበተነ። ዘልዬ ተነስቼ አነሳሁ። አንድ ጨመርኩና ፊልሟ አለቀች።

ታጥቦ ሲመጣ ሥራ አስኪያጁ ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደራቸው። አሥሩን ወደ እኔ ገፋቸው። አሥራ ሁለተኛው ተወዛውዞ ደብዝዟል። አሥራ አንደኛውን ግን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ የቆየው ቆይታ ዕድሜዬን አሳጠረው። «ሰኞ ና» አለኝ በመጨረሻ። ደስታዬን መደበቅ አቅቶኝ እጁን ሁለት ጊዜ ጨበጥኩት።

ፎቶው በትልቁ ታትሞ ስፌት ክፍል ተሰቀለ። ሠራተኛው ሁሉ እየመጣ የየራሱን ስፌት ፈለገ። ትንሿ የመጣችው ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ነው። ፎቶው መሃል አፏን ከፍታ የምትስቀው ራሷ ናት፤ ፊቷን ግን ልብም አላለችው። ጣቷን ኮሌታው ላይ አሳርፋ ቆየችና፣

«ለካ ያምራል» ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።