ሲሳይ ተብሎ እንዳይለቀስ

ዓርብ፣ ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወልድያ

ይህን ማስታወሻ በዚያን ጊዜ ለጋዜጣ ብሰጠው ኖሮ የሚያትመው ቀርቶ አንብቦ የሚመልስልኝ አላገኝም ነበር። እናንተ ግን ስሙኝ።

የሰዓት እላፊው እንዳበቃ ወጥቼ በስድስት ብር የእህል መኪና ጋቢና ውስጥ ተሳፈርኩ። በጉያዬ የይለፍ ወረቀትና አንድ ቡናማ ፖስታ ይዣለሁ። ፖስታው ውስጥ ያለውን ልንገራችሁና አብረን እንናደድ። «በሪሁን ለእናት አገሩ ሲዋጋ ተሰውቷል» ይላል፤ ማኅተም አለው። ወንድሜ በሪሁን ግን አገራችን ብልባላ ገብሱን እየወቃ ነው። የሞተው የሁላችን ታናሽ ሲሳይ ነው።

እኔ ወልድያ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። አንድ ፊደል ብስት አለቃዬ ገጹን እንዳለ ያስደግመኛል። ሰው ሙሉ ለሙሉ ሲሳትስ? ከፖስታው ጋር የመጣው ፎቶ ላይ ሲሳይ የወታደር ልብስ ሰፍቶት ቆሟል፤ ከፎቶው ጀርባ «በሪሁን» ተብሎ ተጽፏል። የሲሳይን የእጅ ጽሕፈት አወቅሁት። ሀ ሁ ያስቆጠርኩት እኔ ነኝ! ወታደር ቢሮ ይዤው ስሄድ ጸሐፊው «ከገበሬ ማኅበራችሁ የሄደው ሲሳይ መሆኑን ማስረጃ አምጪ፤ እናስተካክላለን» አለኝ። የምጓዘው ለዚያች ቁራጭ ወረቀት ነው።

ሾፌሩ ጋሽ መሐመድ ጥቁር ልብሴን አየት አደረገና «ማን ሞቶብሽ ነው?» አለኝ።

«ወንድሜ።»

«አላህ ያጽናሽ። ማን ይባላል?»

«እሱን ለማስተካከል ነው የምሄደው» ብዬ ነገሩን ዘረገፍኩለት። የድልብን ዳገት ጨርሰን ማርሽ ሲቀይር ራሱን ነቀነቀ።

«ወይ ጉድ! መሞቱ ሳያንስ ስሙንም ይቀሙት?»

ከቀኑ አምስት ሰዓት፣ ጋሸና

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የኬላው ወታደር ፖስታውን ከፍቶ አነበበና ቆቡን አወለቀ። ልጅ እግር ነው፤ ከንፈሩ በንፋስ ተሰነጣጥቋል።

«በሪሁን ጀግና ነው፣ እህቴ። እግዚአብሔር ያጽናሽ።»

«አሜን» አልኩ። ምን ልበል? በሪሁን አልሞተም ብል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ታዲያ የት ነው?» ነው። በቁሙ ላለ ወንድሜ የተባልኩትን እግዜር ያጽናሽ ዋጥ አድርጌ ወደ ላሊበላ አለፍኩ። ማታ በሁለት ብር አልጋ ይዤ ለሲሳይ ዓርባ የሚሆን ጧፍና ዘቢብ ገዛሁ። ዓርባው ሊሞላ ስድስት ቀን ቀርቶታል፤ አንድም ቀን ግን አልተለቀሰለትም።

ቅዳሜ፣ ብልባላ

ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ከሚሄዱ ተሳላሚዎች ጋር ጀምሬ፣ ከተለያየን በኋላ ከአህያ ነጂዎች ኋላ እየተከተልኩ በእግሬ ደረስኩ። እናቴ ወፍጮ ላይ ነበረች። ጠጋ ብዬ ባይ የምትፈጨው እህል አይደለም፤ የተፈጨ ዱቄት መልሳ ትፈጫለች።

«እምዬ፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ወፍጮው ሲጮህ የእኔ ድምፅ ደጅ አይሰማም፣ ልጄ።»

እዚያው ተንበርክኬ አቀፍኳት። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ለሲሳይ ማልቀስ ከልክሏቸው ኖሯል። ነገሩ እንዲህ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና የወጣው ስም የበሪሁን ነበር። በሪሁን ሦስት ልጅ አለው፤ ሲሳይ ወንደላጤ ነው፤ «እኔ ልሂድለት» አለ። ሊቀመንበሩም «ስሙ ወረዳ ሄዷል፤ አይለወጥም። አንተ በሪሁን ነኝ በል» ብሎ ላከው። ኮታው ሞላለት፤ ከዚያ ወዲያ ምን ገዶት!

በሪሁንን አውድማው ላይ አገኘሁት። ዓይኔን ማየት አልቻለም።

«እታለም፣ አፈር ልሁን፣ እኔ አልላክሁትም። ቀደመኝ።»

«እሱ ሲቀድምህ አንተ እግር አልነበረህም?» አልኩት። ይህን በማለቴ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሰዓት በኋላ ሊቀመንበሩ ዘንድ ሄድኩ። የማኅበሩ አዳራሽ ግድግዳ ላይ የተሰዉት ስም በቀይ ቀለም ተጽፏል፤ ሦስተኛው «ጓድ በሪሁን» ይላል። ወንድሜ በየገበያው ቀን በዚያ በኩል ያልፋል።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ የሄደው ሲሳይ መሆኑን ራስዎ ያውቃሉ። ይህንኑ ጽፈው ማኅተም ያድርጉልኝ።»

«አንቺ ልጅ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ። የላክሁት በሪሁን፣ የሞተው በሪሁን።»

«በሪሁን አውድማ ላይ ነው!»

«እንግዲያው ከግዳጅ የሸሸ ነዋ! ምረጪ። ለሲሳይ ለቅሶ የተሰማ ዕለት በሪሁንን አስረክባለሁ።»

ጉድ እኮ ነው! ልጁን የላከ እሱ፣ ስም አይለወጥም ያለ እሱ፣ እናት እንዳታለቅስ የሚከለክል ደግሞ ያው እሱ! ፖስታዬን ጉያዬ ከትቼ ወጣሁ።

እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ

ከወረዳ ካድሬ መጥቶ ነበርና ሕዝቡ አዳራሹ ፊት ተሰበሰበ። ለተሰዉት የሕሊና ጸሎት ተባለ። ሁሉም ተነሥቶ አንገቱን ደፋ። ሊቀመንበሩ ስም መጥራት ጀመረ። አንድ፣ ሁለት። ከዚያ «ጓድ በሪሁን» አለ።

«አቤት!»

ሕዝቡ ዞረ። በሪሁን ቆቡን በእጁ ጨብጦ ከመሐል ቆሟል።

«አቤት አልኩ እኮ! እኔ አለሁ። በእኔ ስም ሄዶ የሞተው ወንድሜ ሲሳይ ነው።»

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች። «ሲሳይዬ!» አለች፤ አንዴ ብቻ፣ ግን ከወዲያኛው ሸንተረር ሳይሰማ አልቀረም። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ተቀበሏት። ሁለቱንም ወንድሞቼን ያጠመቁት መምሬ ደግሞ ካድሬውን ሳይፈሩ መስቀላቸውን አውጥተው «ነፍስ ይማር፣ ሲሳይ» አሉ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽም፣ በለቅሶ መሐል ደስ አለኝ።

ካድሬው ነገሩን በሩብ ሰዓት ጨረሰው። ሊቀመንበሩ የሞተው ሲሳይ መሆኑን ይጽፋል፤ በሪሁን ደግሞ ነገ ከምልምሎች ጋር ይሄዳል። ሊቀመንበሩስ? ሊቀመንበሩማ ያው ሊቀመንበር ነው! «ስሕተት ነው» ተባለለት። የአንድ እናት ልጅ ስሕተት ነው!

ወረቀቴን አገኘሁ። የበሪሁን ሚስት ልጆቿን ሰብስባ ፊቷን አዞረችብኝ። እናቴ ግን አየችኝ።

«አንዱን በስሙ አለቀስኩት። ሌላውን እንዳለቅስ ነው የመጣሽው?»

ሰኞ ጠዋት፣ ዓርባውን ሳልውል፣ ጧፉንና ዘቢቡን ለመምሬ ሰጥቼ ከምልምሎቹ ኋላ ተነሣሁ። በሪሁንን ብቻውን ልሰደው አልቻልኩም።

ማክሰኞ፣ ወልድያ

ምልምሎቹን መመዝገቢያው ግቢ አራገፏቸው። የመሥሪያ ቤት መታወቂያዬን አሳይቼ ከበሪሁን ጋር ገባሁ። መዝጋቢው ቀና ሳይል «ስም?» አለ።

በሪሁን የራሱን፣ የአባታችንን፣ የአያታችንን ስም እየለየ ተናገረ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። ፊደል አልቆጠረም።

«እታለም፣ አንቺ ታነቢያለሽ። በትክክል ጽፎት እንደሆነ እይልኝ።»

ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስሙም፣ የአባት ስሙም፣ ብልባላም አልተሳተም።

«ልክ ነው» አልኩት።