ሙሴ ካሳ የተረጎማቸው ሁለት ፊልሞች

የልብስ ማጠቢያ ማሽናችን ሥራውን ሊጨርስ ሲል መጀመሪያ ያጉረመርምና፣ ከዚያ ድምፁ እየቀጠነ፣ እየፈጠነ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆማል። ይህ ድምፅ ድሮ ካሴት ሲጠነጠን የነበረው ድምፅ ነው። ልጆቼ ካሴት የሚባል ነገር ስለማያውቁ ምንም አይመስላቸውም፣ እኔ ግን ሽንኩርትና ቢላ ይዤ እዚያው ቆሜ እቀራለሁ። የሞቀ የቪዲዮ ዴክ፣ የተዘጋ መስኮት፣ የሰው ላብ ይሸተኛል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዱቄት ወተት።

ቤታችን ድሬዳዋ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ ነበር። አባባ የምድር ባቡር ጋራዥ መካኒክ ስለነበርና ከፈረንጅ አለቆቹ ፈረንሳይኛ ስለለቃቀመ፣ ሰፈሩ በሙሉ እንደ ፈረንጅ «ሙሴ ካሳ» ይለው ነበር። የለቃቀመው ግን የብሎንና የፍሬን ፈረንሳይኛ ነው፤ ፍቅርና ሐዘን በፈረንሳይኛ ምን እንደሚባል የነገረው አለቃ አልነበረም። እናቴ ደግሞ ነጋዴ ነበረች። ከጎረቤታችን ከአዴ ዘሃራ ጋር በባቡር ጅቡቲ ወርዳ፣ ጨርቅና ሽቶ በፈታሽ ዓይን ሥር አሳልፋ አምጥታ፣ ታይዋን በሚባለው የድሬ ገበያ ላሉት ባለሱቆች ታስረክብ ነበር።

እህትም ወንድምም ስላልነበረኝ እናቴ የሄደች ቀን ቤቱ ጭር ይል ነበር። አባባ ከሥራ ሲመጣ እጁን በኦሞ ታጥቦ፣ ፓስታ ቀቅሎ፣ ሳህኑን ፊቴ አስቀምጦ፣ «ብይ» ይለኝና እስከ መኝታ ሌላ ቃል አይጨምርም ነበር። የሚወደኝ ቢሆንም ወሬ አያውቅበትም። የሰፈር ልጆች ደቻቱ ወንዝ ወርደው ደረቁ አሸዋ ላይ ኳስ ሲራገጡ፣ እኔ «ሄጄ ሳለ ብትመጣስ» እያልኩ በረንዳችን ላይ ተቀምጬ የባቡሩን ጡሩምባ እጠብቅ ነበር። ጡሩምባው ሲሰማ ብድግ እላለሁ፤ ከዚያ እሷ ሻንጣዋን አንጠልጥላ፣ አቧራ ለብሳ፣ እየሳቀች ከመንገዱ ጫፍ ብቅ ትላለች።

ኅዳር ገብቶ ሙቀቱ ትንሽ ጋብ ባለበት ወቅት፣ ከአንዱ መንገዷ ስትመለስ ትልቅ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ክዳኑን በማንኪያ ፈልቅቃ፣ ክንዷን እስከ ክርኗ ዱቄቱ ውስጥ ከትታ፣ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የቪዲዮ ካሴት መዥረጥ አድርጋ አወጣች። በመንገዱ ሁሉ ቴሌቪዥንና ዴክ ያለው አዴ ዘሃራ ቤት ብቻ ስለነበር፣ እሁድ ከምሳ በኋላ ሰው ሁሉ እዚያ ተጠቀጠቀ። የኢምፔሪያሊስት ፊልም ማየት ክልክል ነው ስለሚባል መስኮቱ ተዘግቶ እንደ ዳቦ እንጋገር ነበር። ከማን እንደምንደበቅ ግን እንጃ፤ የቀበሌው ሊቀመንበር ሚስት ሁልጊዜ ከፊት ቦታ ይያዝላት ነበር።

ፊልሙ የሰማይ ፊልም ነበር፤ በከዋክብት መካከል የሚዋጉ ሰዎች ፊልም። ፈረንሳይኛ ስለሚናገር አባባ ፎጣ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሞ ተረጎመልን። ያ ቤት ውስጥ ድምፁ የማይሰማ ሰውዬ እዚያ ሲቆም ሌላ ሰው ይሆን ነበር። በከዋክብት መሐል የሚበረውን መርከብ «ባቡሩ» አለው፣ ክፉውን ንጉሥ «የጣቢያው ሹም» አለው፣ መርከብ ሲቃጠል «ከሐዲዱ ወጣ፣ አለቀለት» ይላል። ሁላችንም በባቡር ያደግን ስለሆንን እንዲህ ሲለው ይገባን ነበር። መሬቱ በሙሉ ጨው የሆነ አገር አለ፣ እዚያ የሚኖር አንድ ልጅ አለ፣ ልጁን እያስተማረ የሚሞት ሽማግሌ አለ፣ ፀሐይን የምትሸፍን ትልቅ ባቡርም አለች። ከሁሉም በላይ ግን ነጭ የለበሰች ሴት ነበረች። እሷን አባባ የልጁ እናት ናት አለን።

ነጭ ለባሿ ወደ ጦርነቱ ልትሄድ ስትሳፈር ዘወር ብላ ለልጁ አንድ ነገር ትናገራለች። አባባ ፎጣውን በእጁ ጨምድዶ ይዞ፣ «በሩን ክፍት ተወው፣ እመለሳለሁ ነው የምትለው» አለ። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል በእርግጥም ተመለሰች፤ ቤቱ ሁሉ አጨበጨበ። ከኋላዬ የተቀመጠችው እናቴ ትከሻዬን አቅፋ እየሳቀች፣ «ሙሴ ካሳ፣ እውነት እንዲህ ብላለች?» አለችው። «በፈረንሳይኛማ ከዚህም ይብሳል» አላት፣ ፊቱን እየጠረገ። ከዚያ ቀን በላይ ደስ ያለኝ ቀን አላስታውስም።

ግንቦት ላይ፣ ድሬ ከድንጋይዋ ጭምር በምትግልበት ወር፣ እናቴ እንደወትሮዋ ሳመችኝና ሄደች። አዴ ዘሃራ ብቻዋን ተመለሰች። ባቡሩ ጮኾ፣ ሰው ሁሉ ወርዶ አልቆ፣ እሷ ዓይኗን ከእኔ እያሸሸች መጥታ፣ «ዕቃው ተይዞባት ነው የኔ ልጅ፣ ትመጣለች» አለችኝ። ከአባባ ጋር ጓዳ ገብተው ሲያወሩ ቆዩ። ሲወጣ ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም፤ ፓስታውን ቀቀለ፣ ሳህኑን አስቀመጠ፣ «ብይ» አለኝ።

በማግሥቱ የፊት በራችንን ከፈትኩትና መዝጊያውን በድንጋይ ያዝኩት። ማንም አልነገረኝም፣ የሚደረገውን ግን አውቃለሁ። ትምህርት ቤት መሄዱን ትቼም ደጃፍ ላይ እውል ጀመር። ከሰዓት በኋላ የሚነሣው ነፋስ አሸዋውን እያግበሰበሰ አልጋው ላይ፣ ውሃ እንስራው ላይ፣ ምግቡ ላይ ያፈስ ነበር። አባባ ማታ ሲመጣ አሸዋውን ጠርጎ ያወጣል፣ ድንጋዩን ግን አይነካም። አንድም ቀን «ለምን?» አላለኝም፣ እኔም አልነገርኩትም፤ አንድ ቤት ውስጥ ሆነን እኔ ለብቻዬ እሱ ለብቻው እንጠብቅ ነበር። ጎረቤቶች ሲያልፉ በሩን ያዩና ፊታቸውን ያዞራሉ። ክረምት ገብቶ ደቻቱ ደፍርሶ ሲወርድ እንኳ በሩ ክፍት ነበር።

ሁለተኛው ፊልም የመጣው በመስከረም ነው። አዴ ዘሃራ አመጣችው፤ ጅቡቲ ያለው ቀጂ የሰው ሠርግ የተቀረጸበት ካሴት ላይ ስለቀዳው፣ መጀመሪያ የማናውቃቸውን ሙሽሮች ጭፈራ እያጨበጨብን አየን። ከዚያ ሰማዩ መጣ። እንደገና ነጭ አገር፣ እንደገና ፀሐይ የምትሸፍን ባቡር፣ ግን የበፊቷን ሁለት የምታህል፤ እንደገና ደግሞ ሽማግሌ ሞተ። አባባ ነጩን መሬት አሁንም «ጨው» ነበር የሚለው። ነጭ ለባሿም መጣች፤ ያው መሳፈሪያ ላይ ቆማ፣ ያው ዘወር ብላ፣ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ቶሎ ብዬ አባባን አየሁት። ሰው «ምን አለች?» ሲል፣ «ድምፁ ተበላሽቷል» አለና ፎጣውን ፊቱ ላይ አደረገ። ባቡሯ ተነሣች፣ ጦርነቱ ተጀመረ፣ ከዚያ ቴፑ አለቀና ስክሪኑ ላይ ነጭ ብናኝ ብቻ ቀረ። ሠርጉ ፊልሙን በልቶብን ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰፈራችን ሌላ ወሬ አልነበረውም። ከምሳ በኋላ ድሬ ሱቋን ዘግታ ጫቷን ይዛ ስትቀመጥ፣ ወንዶቹ ጅብሪል ፀጉር ቤት ይሰበሰቡና ክርክሩ ይጀመር ነበር። እኔ ደጃፉ ደረጃ ላይ እቀመጣለሁ። ፀጉር አስተካካዩ ጅብሪል አዲሱ ፊልም ከድሮው አንድም ልዩነት የለውም ባይ ነበር።

«አቦ ያው ነው ወላሂ። ያው ጨው፣ ያቺው ባቡር፣ ያው ሽማግሌ። ቀለም ቀብተው መልሰው ሸጡልን።»

የእኛ ትምህርት ቤት መምህር የነበረው መምህር ግርማ ደግሞ አይሸነፍም ነበር። «ጨው አይደለም፣ በረዶ ነው። ጨው ከሆነ ከአፋቸው ለምን ጭስ ይወጣል?»

«ሲጋራ ነዋ።»

«የሚጋልቡት ባለ ቀንዱ አውሬስ? እሱም ያጨሳል?»

ሰው ይሥቃል። ከመካከላቸው አገር ምድሩን የሚሸፍን በረዶ ያየ አልነበረም፤ በረዶ ማለት ለእኛ ብርጭቆ ውስጥ የሚንሳፈፈው ነው። ጨው ግን እናውቃለን፣ በየቀኑ ጣቢያው ላይ በጆንያ ሲራገፍ እያየን ነው ያደግነው። ስለዚህ ብዙው ሰው የጅብሪል ወገን ነበር፣ እኔም ከሁሉ በላይ የጅብሪል ወገን ነበርኩ። ለእነሱ የጫት ማጣጫ ነው። ለእኔ ግን አዲሱ ፊልም ከድሮው ጋር አንድ ከሆነ መጨረሻውም አንድ ነው፤ መጨረሻው አንድ ከሆነ ደግሞ ነጭ ለባሿ ትመለሳለች፤ እሷ ከተመለሰች እናቴም ትመለሳለች። በልጅ ጭንቅላቴ የያዝኩት ይህንን ነበር፣ ሌላ የምይዘውም አልነበረኝም።

አንድ ቅዳሜ መምህር ግርማ ምርቅን ብሎ ተነሣና፣ «ስሙኝ፣ ስሙኝ» አለ። «በመጀመሪያው ተመልሳለች። አሁንም ከተመለሰች ሁለተኛውን ለምን ይሠሩታል? አትመለስም። ሴትየዋ ሄዳለች፣ አለቀ።»

«ትመለሳለች!» አልኩ ከደረጃው ብድግ ብዬ። ድምፄ እኔንም አስደነገጠኝ። «በሩን ክፍት አድርገንላታል።»

ጅብሪል ምላጩን አስቀመጠ። መምህር ግርማ ቁጭ አለ። ያን በር ያላየ አልነበረም፣ ለምን እንደተከፈተ የጠየቀ ግን ከዚያ በፊት አልነበረም፤ አሁን ገባቸው። እንባዬ ሲመጣ ለመሮጥ ዘወር ብል አባባ ከኋላዬ ቆሟል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ጺሙን የሚላጨው እዚያ ነበር። ከየት ጀምሮ እንደሰማ አላውቅም። እጄን ይዞ አስገባኝና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ጅብሪል ሳሙናውን ሲቀባው ቆየና፣ ሊያግዘኝ ፈልጎ ይመስለኛል፣ «ያ ሙሴ፣ ዳኛው አንተ ነህ» አለው። «በአዲሱ ላይ ሴትየዋ ስትሳፈር ምን ነበር ያለችው? ከንፈሯን አይተሃል እኮ።»

አባባ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። ፊቱ በሳሙና ተሸፍኖ ዓይኖቹ ብቻ ይታዩ ነበር።

«በሩን ዝጉት ነው ያለችው» አለ። «ብርድ ይገባባችኋል። አትጠብቁኝ።»

መምህር ግርማ ጭኑን መታ። «ብርድ አለች አይደል? በረዶ ነው አላልኳችሁም?» ሁሉም በአንድ ጊዜ ማውራት ጀመሩ፣ ጅብሪልም እጁን አንሥቶ፣ «እሺ፣ በረዶ ነው፣ ተሸነፍኩ» አለ፤ ያን የበር ነገር ለማለፍ ምክንያት ያገኙ ይመስሉ ነበር። አባባ ግን ዓይኑን ከእኔ ላይ አላነሣም። እኔም የፊልሙን እየተረጎመ እንዳልሆነ ያኔውኑ ገባኝ።

ፀሐይ ስትገባ ድንጋዩን አንሥቶ ግቢው ጥግ አኖረውና በሩን ዘጋው። አልተቃወምኩም። ራት ላይ «ብይ» አለኝ፣ በላሁ፤ ከዚያ ያለወትሮው አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ።

አዴ ዘሃራ ሳትሞት በፊት፣ እኔም ካገባሁ በኋላ፣ እውነቱን ነገረችኝ። እናቴ ዕቃ አልተያዘባትም፤ በጀልባ ዓረብ አገር ተሻገረች፣ በራሷ ፈቃድ፣ መልእክት ሳትተው። አባባ ይህን የሰማው ያኑ ቀን ጓዳ ውስጥ ነው። እያወቀ ስንት ወር አሸዋ ሲጠርግ ከረመ። እናቴ አልተመለሰችም፣ የት እንዳለችም እስከ ዛሬ የሰማሁት ነገር የለም።

ዘንድሮ ያ የሰማይ ፊልም አዲስ ክፍል ወጥቶለት ልጆቼ አብደዋል። ወንዱ «የድሮው ግልባጭ ነው» ይላል፣ ሴቷ «አይደለም፣ አልገባህም» ትላለች፤ የሚከራከሩት ግን እርስ በርስ አይደለም፣ እያንዳንዳቸው በየክፍላቸው ተዘግተው፣ አይተዋቸው ከማያውቁ ሰዎች ጋር በስልካቸው ነው። ለማነጻጸር የድሮዎቹን ሁለቱንም አውርደው ስለነበር፣ ትናንት ብቻዬን ተቀምጬ አየኋቸው፤ ልብሱን ማሽን ውስጥ የከተትኩት በመካከል ተነሥቼ ነው። በመጀመሪያው ፊልም ነጭ ለባሿ ስለ በር አንዲት ቃል አልተነፈሰችም፤ ስለ ነዳጅ ነው የምታወራው። ልጁም ልጇ አይደለም። በሁለተኛውም ስትሳፈር ያለችው ያንኑ የነዳጁን ነገር ነው። መሬቱ በእርግጥ በረዶ ነበር። ቴፑ ያለቀበት ቦታ ሲደርስ እንደ ልጅነቴ ነጩን ብናኝ ጠበቅሁ፣ ግን ፊልሙ አላቆመም፣ ቀጠለ። መጨረሻ ላይ በሩ ተከፈተና ሴትየዋ ፀጉሯ ላይ በረዶ እንደያዘች ገባች።

መጨረሻውም ያው የድሮው ነው፤ ጅብሪል ልክ ነበር። ልነግረው ፈለግሁ፣ ግን ጅብሪልም የለ፣ አባባም የለ፣ የፀጉር ቤቱ ቦታ ላይም ፎቅ ቆሟል። አባባ በሩን መዝጋቱ ደግ ሥራ ነበር፤ እኔን ከደጃፍ አንሥቶ ትምህርት ቤት የመለሰኝ ያ ነው። እንዲያም ሆኖ በሩ ተዘግቶ መቅረቱ ይቆጨኛል። ያኔ በራችን እንዲዘጋ ሰው ጨክኖ መዝጋት ነበረበት፤ ያሁኑ የኮንዶሚኒየም በር ገፋ ካደረጉት በራሱ ይዘጋል፣ ማንም ልብ አይለውም። ማሽኑ ቀጭ ብሎ ሲቆም ተነሥቼ በሩን ከፈትኩትና በአንድ ጫማ ያዝኩት፤ የከሰዓቱ ነፋስ አቧራውን ይዞ ገባ።

ልጄ ከክፍሉ ሆኖ፣ «እማዬ፣ ማን መጣ?» አለኝ።

«ማንም» አልኩት፤ ልብሱን አስጥቼ እስክጨርስ ድረስም ክፍቱን ተውኩት።