ያልረጋው ወተት

በደርግ ዘመን ምደባ ወጣልሽ ከተባለ ሻንጣ አንሥቶ መሄድ እንጂ መከራከር የለም። የጤና ረዳትነት ትምህርቴን እንደ ጨረስሁ ከባሕር ዳር በታንኳ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት የጣና ዳር መንደር ተመደብሁ። እኔም መከራከር አላሰኘኝም። አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ነበርና ያደግሁት ከተማ ውስጥ፣ የቧንቧ ውሃ እየጠጣሁ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ የማላውቀው ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቤት ያከራዩኝ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ነበሩ። ልጆቻቸው ትዳር ይዘው ወጥተዋል። የቀሯቸው ሦስት የፎገራ ላሞች ናቸው። ወተቱን ያረጉታል፣ ይገፉታል፣ ቅቤውን በየቅዳሜው ለባሕር ዳር ገበያ ይልኩታል፤ አሬራውን ለጎረቤት ያድላሉ። እማማ እላቸው ነበር። እሳቸው ሰው ፊት "ሐኪሟ"፣ ቤት ውስጥ ደግሞ "አንቺ ልጅ" ይሉኛል።

ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላኝ የሴቶች ማኅበር ስብሰባ ተጠራና ስለ ጤና ተናገሪ ተባልሁ። ክሊኒኩ ደጃፍ ላይ ከሁሉ የሚበዛው የሆድ ሕመምተኛ ስለ ነበር በቀጥታ ወደ ወተት ሄድሁ።

"ወተት ሳይፈላ አይጠጣ። ጥሬ ወተት ትኩሳትም ቲቢም ያመጣል። የወተት ቅል ደግሞ በሳሙናና በፈላ ውሃ ይታጠብ። በወይራ ጭስ ማጠን ማጠብ አይደለም!"

ከጎኔ የተቀመጠው የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ብድግ አለ። "ሰምታችኋል? ከነገ ጀምሮ እንዲህ ነው" አለ። ሴቶቹ አጨበጨቡ። አብዛኞቹ ከጭብጨባው በኋላ ወደ ለመዱት እንደሚመለሱ ያኔ አልገባኝም።

እማማ ግን ቃሌን ይዘው ቤት ገቡ። በነጋታው ያን በስንት ዓመት የወይራ ጭስ የጠቆረ ቅል የጭሱ ሽታ እስኪለቅ በፈላ ውሃና በሳሙና አጠቡት። ወተቱን አፈሉት፣ አቀዘቀዙት፣ ቅሉ ውስጥ ጨምረው ከደኑት። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ደስ እያለኝ አይ ነበር።

በሁለተኛው ቀን አልረጋም። በሦስተኛው ቀን ክዳኑን ሲያነሡት ቤቱ ከረፋ። ጣታቸውን ነክረው ቀመሱና ፊታቸው ተኮሳተረ፤ መራራ ነበር። ውጭ ወስደው ከአጥሩ ሥር ደፉት። የዚያ ሳምንት ቅቤ ቀረ ማለት ነው። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ፤ አልተቆጡም። መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

"አንቺ ልጅ፣ ማፍላቱ ምን ያደርጋል ነበር ያልሽን?"

"ተሕዋስያኑን ይገድላል፣ እማማ።"

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"እንግዲያስ ወተቱን እርጎ የሚያደርገውንም ገድለነዋላ! ቅሉ ላይ የቀረውንም በሳሙና ጨረስነው።"

ትምህርት ቤት ስለዚህ ነገር አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ተምረን ነበር። ለፈተና ሸምድጄው በፈተናው ማግሥት ረስቼዋለሁ። ፊደል ያልቆጠሩ ሴት ግን በሁለት ጥያቄ ደረሱበት።

በዚያው ወር ራሴ ታመምሁ። አንድ ድግስ ላይ የሐይቅ ውሃ ጠጥቼ ነበርና አሜባ ያዘኝ። የክሊኒኩን ክኒን በሥርዓቱ ዋጥሁ፤ ቁርጠቱም ለቀቀኝ። ሆዴ ግን ከዚያ በኋላ አልመለስ አለ። የበላሁት ይነፋኛል፣ ሽሮ ይከብደኛል፣ ሰው እያከምሁ መሐል ላይ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ቀሚሴ ሰፋኝ።

"አንጀትሽ ደርቋል" አሉኝ እማማ። "አሬራ ነው የሚያርሰው። ከጎረቤት ላምጣልሽ?"

"በጥሬ ወተት የተሠራ ነው፤ አልጠጣም።"

"እኔ ስድሳ ዓመት ጠጥቼው አለሁ እኮ።"

"የሞቱትን አልጠየቅናቸውም፣ እማማ።"

ሳቁ። በጣም ሳቁ፤ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው። ከዚያ ጥቂት አሰቡና "ሊጥ ያለ እርሾ ይቦካል?" አሉኝ።

"አይቦካም።"

"ወተቱን እንዳልሽው እናፍላው። ሲበርድ ከጎረቤት እርጎ አንድ ማንኪያ እንጨምርበት። ደግሞ ከእሱ ላይ ለሚቀጥለው አንድ ማንኪያ እናስቀር። ጥሬው እየቀነሰ፣ የፈላው እየበዛ ይሄዳል።"

እኔ የጨመርሁት ሙቀቱን ብቻ ነው። ወተቱ ትኩስ ሳለ እርሾው ከገባ ይሞታል፤ ጭራሽ ከቀዘቀዘም አይነሣም። "ጣትዎን ይንከሩ፤ እስከ አሥር ሲቆጥሩ ካላቃጠለዎት በቃ" አልኋቸው። ቅሉን በፈላ ውሃ አጠብነው፤ ከዚያ እሳቸው ወይራ ለኩሰው አጠኑት። አልከለከልኋቸውም፤ ጭሱም ወተት እንዳይበላሽ የሚያግዝ ነገር እንዳለው በኋላ አንብቤአለሁ።

በማግሥቱ ረግቶ አደረ። ክዳኑን ሲከፍቱ እልል አሉ። ይሁንና እኔ የመጀመሪያውንም የሁለተኛውንም አልጠጣሁም። ከሦስተኛው ዙር አሬራ በጠዋት አንድ ብርጭቆ ጠጣሁ፤ በማግሥቱም እንዲሁ። በሳምንቱ ሆዴ ሰከነ። በሁለተኛው ሳምንት ሽሮ በልቼ ሙሉ ቀን ሠራሁ። ጊዜው ራሱ ፈውሶኝ ይሆናል የሚል ባልደረባ አለ፤ አልከራከረውም። አሜባውን የገደለው ክኒኑ ነው። ሆዴን ወደ ቦታው የመለሰው አሬራው ነው፤ እስከ ዛሬም እንዲህ ነው የምለው።

የቀረው የተናገርሁትን ማረም ነበር። በሚቀጥለው ስብሰባ ተነሥቼ ባለፈው ያስተማርኋችሁ ጎዶሎ ነበር አልሁ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ።

"የመንግሥት ትምህርት ይሻራል እንዴ፣ ጓድ ሐኪም?"

በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ጥያቄ ቀላል አልነበረም። "አልተሻረም፣ ጓድ ሊቀመንበር። ተጨመረበት" አልሁት። እማማ ማንም ሳይጋብዛቸው ቅላቸውን አቅፈው ወደ ፊት መጡና ለሴቶቹ በኩባያ በኩባያ እየቀዱ አስቀመሱ። ለሊቀመንበሩም ሰጡት። ጠጣው። ጢሙን ጠረገና "ይቀጥል" አለ።

ሁሉም አላፈሉም፤ እንጨት ማን ይለቅማል ያሉ ነበሩ። ያፈሉት ግን በሰልፍ ሳይሆን አንድ አንድ እያሉ፣ ጓዳ ገብተው እማማን እየጠየቁ ጀመሩ። ከእነሱ አንዷ የሊቀመንበሩ ሚስት ነበረች። አንድ ጠዋት ባሏ ማሳ ሲወርድ ጠብቃ በጓሮ በኩል መጣች። ትንሽ ሽክና ከነጠላዋ ሥር አወጣች።

"እርሾ ቢሰጡኝ ብዬ ነው። ትንሿ ልጄ ሆዷን ካመማት ሰንብታለች፤ አልተዋት አለ" አለች።

እማማ ሁለት ማንኪያ ቀዱላት። እኔም እማማ ያን ጠዋት ባፈሉት ወተት ውስጥ ጣቷን ነክራ እስከ አሥር እንድትቆጥር አሳየኋት፤ ስድስት ላይ ስትደርስ አቃጠላትና ሦስታችንም ወተቱ እስኪበርድ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን።