ሎሚ ይዤ ድንጋይ ልገዛ ሄድኩ

ዛሬ ዌስትላንድስ ሰፈር፣ ድንጋይ መሸጫ ውስጥ፣ ነጩ ናሙና ላይ ሎሚ ጨመቅኩበት።

"ማማ፣ ምን እያደረጉ ነው?" ብሎ ሻጩ ጮኸ።

ልጄ ኪሊማኒ ሰፈር ምግብ ቤት ልትከፍት ነው። ለወጥ ቤቷ ጠረጴዛ ይህን ነጭ ድንጋይ ወደደች፤ ሻጩም "ግራናይት ነው" አላት።

ጥቂት ቆይቼ ስጠርገው ቦታው ደብዝዟል። ግራናይት ሳይሆን ዕብነ በረድ ነው።

"እማዬ፣ ምድር ውስጥ ያን ሁሉ ሙቀት ችሎ ሎሚ ያሸንፈዋል?" አለች አብራኝ የመጣችው ልጄ።

"አልቀለጠማ! ቀልጦ የቀዘቀዘው ግራናይት ነው። ይሄ የኖራ ድንጋይ ነበር፤ ሙቀትና ጫና ሳያቀልጡት ለወጡት። ኖራነቱ ግን አልለቀቀውም፤ ኖራን ደግሞ ሎሚ ይበላዋል።"

አጠገቡ የነበረውን ጥቁር ግራናይት ግን ሎሚው ምንም አላደረገውም፤ ለጠረጴዛው ገዛነው። ነጩም አልቀረም፤ ሎሚ የማይደርስበት የምግብ ቤቷ መግቢያ ላይ ይነጠፋል።

ሻጩ የተረፈውን ሎሚ ለመነኝ፤ ሌሎቹን ናሙናዎች ሊፈትን።

እናንተስ ከመግዛታችሁ በፊት ምን ፈትናችሁ ታውቃላችሁ?